በየዓመቱ ከሕዳር ጀምሮ ልጆቻችንን የሚያስቀምጣቸው ምንድን ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ ልጄ 11 ወሩ ነው። ሕዳር ላይ የሚውልበት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ልጆች ተራ በተራ ታመሙ። የእኔም ልጅ ሐሙስ ሌሊት ማስመለስ ጀመረ፣ በማግስቱ አተኮሰው፣ ከዚያ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ መጣበት። ክሊኒክ ስወስደው የሰገራ ምርመራ ተደርጎ ‹ኢንፌክሽን አለው› ተባለና የአንቲባዮቲክ ሽሮፕና ፍላጅል ታዘዘለት። የሚጠጣው የፈላ ውሃ ነው፣ ጡጦውን በየቀኑ እቀቅላለሁ፣ ክትባትም አልዘለለም። እናቴ ጥርስ ሊያበቅል ነው ትላለች፣ ጎረቤቴ ጡት ከልክዪው ትለኛለች። ታላቅ እህቱም ሕፃን ሳለች ልክ በዚሁ ወር ነው የታመመችው። ለምን ሁልጊዜ በዚህ ወቅት? የእኔ ጥፋት ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን የምልሽ እንዲሁ ላጽናናሽ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የጻፍሽው ነገር ራሱ ይመሰክራል። መጀመሪያ ማስመለስ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ቀጥሎ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ያውም አብረው በሚውሉ ልጆች ላይ በተከታታይ፣ ዝናቡ ቆሞ ብርዱ በገባበት ወር፣ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለ ልጅ ላይ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲገጥሙ የሕፃናት ሐኪም ቀድሞ የሚያስበው ቫይረስ ነው። ከቫይረሶቹም መጀመሪያ ሮታቫይረስን፣ ቀጥሎ ኖሮቫይረስን። ልጁን በዓይኔ ሳላየው ይሄ ነው ብዬ አልምልም። ግን ተቅማጡ ደም ከሌለው ልታደርጊለት የሚገባው ነገር ቫይረሱ ይሄኛውም ሆነ ያኛው አይለወጥም።

«ለምን በዚህ ወቅት?» ላልሽው፣ እኛ አገር ሁለት ዓይነት የተቅማጥ ወቅት አለ ብለሽ አስቢ። አንደኛው የክረምቱ ነው። ጎርፍ የመጸዳጃ ቤቱን ቆሻሻ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ያወርደዋል፣ በተሰበረ ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ይገባል፣ ዝንቡም ይበዛል። በዚያ ጊዜ የሚበረቱት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኢ. ኮላይ፣ ሺጌላ፣ ሲከፋም ኮሌራ። አተት ሲባል የምትሰሚው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህኛው ጋር የተያያዘ ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰፈሩን ሁሉ ይይዛል። ሁለተኛው የበጋው ነው፣ የውርጩ ወራት። ሮታቫይረስ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ነገር ግን አየሩ ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል አሻንጉሊት ላይ፣ የበር እጀታ ላይ፣ ዳይፐር በሚቀየርበት ፍራሽ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ እስከ ጥር ባሉት ወራት የሕፃናት ክፍሎቻችን በሚያስመልሳቸውና በሚያስቀምጣቸው ልጆች ይሞላሉ። ልጁን የያዘው እንግዲህ ብርዱ አይደለም፤ ብርዱ ለቫይረሱ ተመቸው እንጂ።

አየሩ ብቻም አይደለም ምክንያቱ። በየዓመቱ ቫይረሱን አይተው የማያውቁ አዳዲስ ሕፃናት ይጨምራሉ፣ እናት በእርግዝናና በጡት የሰጠችው መከላከያ እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ የሚያዙት ልጆች ቁጥር ይጠራቀማል። ይህ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በደንብ የታየው አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የሮታ ክትባት በ2006 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ በየብርድ ወራታቸው ሳይዛነፍ ይመጣ የነበረው ወረርሽኝ በጣም ቀነሰ፣ የቀረውም በየዓመቱ መምጣቱ ቀርቶ አንድ ዓመት እየዘለለ ከፍ የሚል ሆነ። ብርዳቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የተጋላጭ ሕፃናት ቁጥር ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሕዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀውን የሕዳር በሽታ እያሰብን ነው። እሱም ቫይረስ ነበር፣ ኢንፍሉዌንዛ። ግቢ ማጽዳቱን በጣም እወደዋለሁ። ላስቲክና ዳይፐር እያቃጠሉ ሕፃን ያለበትን ቤት ጭስ በጭስ ማድረግ ግን ቫይረሱን ምንም አያደርገውም፣ የልጁን ሳንባ ነው የሚጎዳው።

አሁን ወደሚያንገበግብሽ ነገር ልምጣ፤ ውሃ እያፈላሽ፣ ጡጦ እየቀቀልሽ ለምን ታመመ? በሮታ የታመመ ልጅ አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን የሚደርስ የቫይረስ ቅንጣት ሊኖር ይችላል። ጤነኛውን ልጅ ለማሳመም ደግሞ ከ100 ያነሱ ቅንጣቶች ይበቃሉ። ኖሮቫይረስም እንዲሁ በጥቂቱ ይይዛል፣ በዚያ ላይ ልጅ ሲያስመልስ በሚረጨው ጠብታ ይተላለፋል። ማቆያ ውስጥ የአንዱን ልጅ ዳይፐር የቀየረች እጅ በደንብ ሳትታጠብ ሌላውን ብታጎርስ አለቀ። አንዱ ያላመጠውን አሻንጉሊት ሌላው ያነሳዋል፤ 11 ወር ያለው ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። በዚያ ላይ የታመመው ልጅ ምልክት ከማሳየቱ በፊት ጀምሮ፣ ከዳነም በኋላ ለቀናት ቫይረሱን ያወጣል። የቤትሽ ውሃ ንጹሕ መሆኑ ብዙ ሌላ በሽታ ከልክሎልሻልና አታቁሚ። ይህኛው ግን በውሃ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ክትባት ከመምጣቱ በፊት የቧንቧ ውሃቸው ንጹሕ በሆነባቸው ሀብታም አገሮችም ሳይቀር፣ ማንኛውም ልጅ ማለት ይቻላል 5 ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሮታ ይይዘው ነበር።

በሀብታምና በድሃ አገር ያለው ልዩነት የሚታየው ከተያዙ በኋላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በሮታ ከሞቱት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአምስት አገሮች የሚኖሩ ነበሩ፤ ሕንድ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ እና ኢትዮጵያ። እዚያ ማዶ ያለውም ልጅ አስመልሶታል፣ አስቀምጦታል። እሱ ፈሳሹ በጊዜ ስለተተካለት ተረፈ፣ የእኛው አለቀበት። ስለዚህ እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይህን ያዢ፦ ልጁን የሚገድለው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን የሚወጣው ውሃና ጨው አለመተካቱ ነው፣ መተካት ደግሞ አንቺ ቤትሽ ሆነሽ የምትችይው ሥራ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይሰለችም። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ፎጣ ጸጉር ጥቃቅን ቀጫጭን ነገሮች የበቀሉበት ነው። ምግብና ውሃ የሚመጠጠው በእነሱ በኩል ነው። ሮታ የሚያጠቃው ጫፋቸው ላይ ያሉትን የበሰሉ ሴሎች ነው። እነሱ ሲሞቱ መምጠጡ ይቀንሳል፤ ቫይረሱ የሚያመርተው ፕሮቲን ደግሞ አንጀቱ ውሃ እንዲያፈስ ያደርጋል። ሴሎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ፣ ለዚህ ነው በሽታው ከ3 እስከ 8 ቀን ቆይቶ በራሱ የሚያልፈው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መሃል አንድ በር ሳይዘጋ ይቀራል። ስኳርና ጨው በተመጣጠነ መጠን አብረው ሲገቡ የቀሩት ሴሎች ሁለቱንም ተያይዘው ያስገቧቸዋል፣ ውሃውም ተከትሎ ይገባል። ኦአርኤስ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው ዱቄት፣ የሚሠራው በዚህ በር ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ነገር አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በተባለ ቦታ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ እየበጠበጠ ቤተሰቦቹ ራሳቸው ለታማሚዎቻቸው እንዲያጠጡ አደረገ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ያጠጡት እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች ነበሩ እንጂ ነርሶች አልነበሩም።

ስለዚህ አበጣበጡን በደንብ እንየው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከዚያ ፓኬቱ ላይ ያለውን አንብቢ። ብዙዎቹ ለ1 ሊትር ናቸው፣ ግን ለግማሽ ሊትርና ለ200 ሚሊ ሊትር የተዘጋጁም አሉ። ለ1 ሊትር ከሆነ ላዩ ላይ 1 ሊትር የሚል ንጹሕ የሃይላንድ ላስቲክ ውሰጂ፣ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽውን ውሃ ሙዪበት፣ ዱቄቱን በሙሉ ጨምሪና ነቅንቂው። «ትንሽ ትንሽ እየቆነጠርኩ በብርጭቆ ልበጥብጥለት» አይሆንም፤ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳዋል። በጣም ሲቀጥንም አይጠቅምም። ስኳር፣ ማር፣ ጭማቂ አትጨምሪበት። ከበጠበጥሽው 24 ሰዓት ካለፈው ድፊውና አዲስ በጥብጪ።

አሰጣጡ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። የሚያስመልሰው ልጅ ስለጠማው ጡጦውን ቢያገኝ አንዴ ይጨልጠዋል፣ ሆዱ ተወጥሮ መልሶ ያወጣዋል፤ ያኔ ሁሉም ሰው «ኦአርኤስ አልተስማማውም» ይላል። ጡጦውን ተዪው። ጭንሽ ላይ ቀና አድርገሽ አስቀምጪው፣ ኦአርኤሱን በስኒ ያዢ፣ በሻይ ማንኪያ አንድ ብቻ ጉንጩ ውስጥ ጨምሪለት። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ደግሞ አንድ። ቢያስመልስ 10 ደቂቃ አርፊና ካቆምሽበት ቀጥዪ፣ ግን ይበልጥ በዝግታ። ማንኪያዋ ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት፤ በየደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር የሚሰጠው ልጅ በአንድ ሰዓት 300 ሚሊ ሊትር ጠጣ ማለት ነው። እጅሽ ሲዝል አባቱ ይቀበልሽ፣ እሱ ሲደክመው አያቱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ፣ ትሰጪዋለሽ። 2 ዓመት ያለፈው ልጅ ከሆነ ከ100 እስከ 200።

ኦአርኤስ ከሌለና ሌሊት ከሆነ፣ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ማንኪያ ከላይ የተላገ እንጂ የተቆለለ አይሁን። ይህ እስኪነጋ ነው እንጂ የኦአርኤስን ቦታ አይተካም። ለስላሳ ግን አትስጪው። ስኳሩ በጣም ብዙ፣ ጨዉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ውሃ ከሰውነቱ ወደ አንጀቱ ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል።

ዚንክ አብሮ ይሰጠዋል፣ ከ10 ቀን ላላነሰ ጊዜ። መጠኑን በዕድሜው ልክ የጤና ባለሙያው ይነግርሻል። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩንም የሚያቆም ቤተሰብ ብዙ ነው፣ እባክሽ ጨርሺለት፤ የበሽታውን ጊዜ ከማሳጠሩም በላይ በቀጣዮቹ ወራት እንዳይደጋግመው ያግዛል። ጤና ጣቢያም ሆነ ጤና ኬላ ሄደሽ ጠይቂ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከኦአርኤስ ጋር ይሰጡታል።

ስለ ሽሮፑና ስለ ፍላጅሉ። እዚህ ላይ ትንሽ እበረታለሁ፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ሕዳር በመጣ ቁጥር የማየው ነገር ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ፍላጅልም የሚሠራው በአሜባ፣ በጃርዲያና በአንዳንድ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ተራው የሰገራ ምርመራ ደግሞ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነው፤ በዚያ ማይክሮስኮፕ ሮታም ሆነ ኖሮቫይረስ በፍጹም አይታዩም። ሮታ ራሱ የተገኘው በ1973 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ውስጥ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት የወሰዱትን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የአብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ «ሰገራው ላይ ኢንፌክሽን አለ» የሚለው ወረቀት ጥያቄሽን አይመልስም። ተመለሽና በትህትና ጠይቂ፦ በትክክል ምን ተገኘ? ጥገኛ ትል ወይም ጃርዲያ በስሙ ተጽፏል? ደም አለ? መልሱ «የለም» ከሆነ መድኃኒቱ መቀጠል እንዳለበት ካዘዘልሽ ባለሙያ ጋር ተነጋገሪ። አንቲባዮቲክ ያለ ምክንያት ሲሰጥ ራሱ ያስቀምጣል፣ ነገ በእውነት ሲያስፈልግ ደግሞ ባክቴሪያው ለምዶት ይጠብቀናል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ተቅማጡ ደም ሲኖረው፣ ኮሌራ ሲጠረጠር፣ ወይም ልጁ ሌላ ኢንፌክሽን አብሮት ሲኖር። ለሌላው አብዛኛው ልጅ ግን መድኃኒቱ ስኒው ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

ተቅማጥ አስቁም የሚባሉትን፣ ሎፔራማይድና የመሳሰሉትን፣ ለሕፃን በፍጹም። ማስመለስ ያስቆማል የሚባለውን ፕላሲልም ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትሰጪው፤ ሕፃናት ላይ አንገትና ፊት የሚያጣምም የጎንዮሽ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሌላው «ግሉኮስ ይሰካለት» የሚለው ነው። መጠጣት የሚችል ልጅ በአፉ ሲጠጣ ከመርፌው እኩል ይድናል፣ ያውም ሳይወጋ። በደም ሥር የሚሰጠው በጣም ለደከመና መጠጣት ላቃተው ልጅ ነው። ያኔም ቢሆን የሚያስፈልገው ጨው ያለው ፈሳሽ፣ ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን እንጂ ግሉኮስ ብቻውን አይደለም።

እናትሽ ጥርስ ነው ማለታቸው አይገርመኝም፤ የሚያዩት ነገር እውነት ነው፣ ምክንያቱ ነው የሚለየው። ጥርስ የሚወጣው ከ6 ወር ጀምሮ ነው። ከእናት ያገኘው መከላከያ የሚሳሳውም፣ መዳኽ የሚጀምረውም፣ ያገኘውን የሚቀምሰውም በዚያው ዕድሜ ነው። ሁለቱ ስለተገጣጠሙ ጥርሱ ተከሰሰ። የሚያስፈራው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ግግ አለበት» ተብሎ የሕፃን ድድ በስለት የሚነቀልባቸው፣ እንጥል የሚቆረጥባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። ደም መፍሰስ፣ ቴታነስ፣ በስለቱ የሚተላለፍ ኤችአይቪ አለ፣ የሚወጣው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። የደማ ድድ ያለው ሕፃን ደግሞ አይጠጣም፤ መጠጣት ባለበት ሰዓት አፉን ማቁሰል ማለት ነው። ማንም ቢመክርሽ እሺ እንዳትዪ።

ጡት አትከልክዪው። እንዲያውም ደጋግመሽ አጥቢው፤ ፈሳሽም ነው፣ ምግብም ነው፣ መከላከያም አለው። የዱቄት ወተት የሚጠጣም ከሆነ በተለመደው መጠን በጥብጠሽ ስጪው፣ አታቅጥኚው። ምግብም እንዲሁ። ማስመለሱ በረድ ሲል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ወፈር ያለ አጥሚት፣ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ የለመደውን ነገር በትንሽ በትንሹ ስጪው። «አንጀቱ ይረፍ» ተብሎ ሲጾም የከረመ ልጅ አንጀቱ ቶሎ አይጠገንም፣ ኪሎውም ይወርዳል፣ ለሚቀጥለው በሽታም ተመቻችቶ ይጠብቃል። ሲድን ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ጊዜ አብዪው።

ክትባት ወስዶ ለምን ታመመ? ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በመደበኛው መርሃ ግብር ውስጥ ያስገባችው በ2006 ዓ.ም. ነው። በአፍ የሚንጠባጠብ ሲሆን በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ይሰጣል። ይህ ክትባት የተሠራው ከባድ ሮታን ለመከላከል ነው። ሐሳቡ የመጣው ከተፈጥሮ ነው፦ ሜክሲኮ ውስጥ 200 ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ 2 ዓመታቸው የተከታተለና በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሁለት ጊዜ በሮታ የተያዙት ልጆች ከዚያ በኋላ መካከለኛም ሆነ ከባድ የሮታ ተቅማጥ እንዳልያዛቸው አሳየ። ቀላሉ ግን ይይዛቸው ነበር። ክትባቱም ይህንኑ ያለ ሕመም ለማምጣት ይሞክራል። አፍሪካ ላይ ጥበቃው ከሀብታም አገሮች ያነሰ ነው። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ የተደረገው ትልቅ ሙከራ በመጀመሪያው ዓመት ከከባድ ሮታ የመከላከል አቅሙ 61 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ቁጥር አይነስብሽ፤ የሕፃናት ሞት በበዛበት አገር 61 በመቶ ብዙ ልጅ ነው። ልጅሽ ሮታ ይዞት ከሆነም ክትባቱን ባይወስድ ኖሮ የከፋ ሊሆን ይችል ነበር።

ሌላው መልስ ደግሞ ክትባቱ ሮታን እንጂ ሌሎቹን አይነካም። ኖሮቫይረስ አለ፤ ቫይረሱ ከገባ በ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ድንገት ይጀምራል፣ ማስመለሱ ይበረታል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይሄዳል፣ ትልልቆቹንም ይዞ ቤቱን ሁሉ ያስተኛል። አንቺና አባቱም አብራችሁ ካስመለሳችሁ እሱን ጠርጥሪ። አዴኖቫይረስ 40 እና 41 የሚባሉት ወቅት አይለዩም፣ ተቅማጡም ከሳምንት በላይ ሊጎተት ይችላል። አስትሮና ሳፖ ቫይረሶች በአብዛኛው ቀለል ይላሉ። የሮታ ክትባት በደንብ በተዳረሰባቸው አገሮች ኖሮቫይረስ የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል፤ አሜሪካም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሐኪም ዘንድ ከሚያደርሱት የዚህ ዓይነት ሕመሞች ዋናው እሱ ሆኗል። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼም ልጃችሁ ከዴይኬር በየብርዱ ወራት ይዞት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። እግረ መንገዴን ለእናንተ፦ እዚያ የሮታ የመጀመሪያው ክትባት 15 ሳምንት ሳይሞላው መጀመር አለበት፣ የመጨረሻውም ከ8 ወር አያልፍም፤ ስለዚህ አገር ቤት ሄጄ ስመለስ አስከትበዋለሁ እያላችሁ ቀጠሮ አታሳልፉ።

አሁን ደግሞ መቼ ነው ከቤት ማስታመም አልፎ ወደ ሐኪም የሚያስሮጠው? እርግብግቢቱን ዳስሺ፤ ወደ ውስጥ ገብታ ጎድጉዳለች? ሲያለቅስ እንባ አለው? ዓይኑ ገባ ብሏል? ሆዱን ከእምብርቱ ጎን በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ልቀቂው፤ ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ ፈሳሹ እያለቀ ነው። ሽንቱን ለማወቅ ዳይፐር ያስቸግራል፣ ውሃ የሆነው ተቅማጥ ሁሉንም ስለሚያረጥበው። ለወንድ ልጅ ዳይፐሩ ውስጥ ከፊት በኩል ንጹሕ ጥጥ ወይም ጨርቅ አድርጊበት፤ እሱ ደረቅ ሆኖ 6 ሰዓት ካለፈ ተነሺ። የሚያነቃንቀው ነገር ሲጠፋና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ ጠጣ ሲሉት እምቢ ሲል ወይም የጠጣውን ሁሉ ሲያወጣ፣ ሰገራው ላይ ደም ሲታይ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል፣ ሰዓቱን አትዪ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰጂው። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነና ሆዱ ከተወጠረ፣ ወይም በየተወሰነ ደቂቃ እየተጨማደደ እየጮኸ ካለቀሰ፣ ነገሩ ተቅማጥ ላይሆን ይችላል፤ አንጀት አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባም እንዲህ ያደርጋል፣ እሱ ደግሞ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን እና በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ ካስቀመጣቸው ምልክት ሳይጠበቅ መታየት አለባቸው። 14 ቀን ያለፈ ተቅማጥም እንዲሁ። ወደ ጤና ተቋም ስትሄጂም መንገድ ላይ ማጠጣትሽን አታቋርጪ።

ለማቆያው የምትነግሪያቸው። ሳኒታይዘር በተለይ ኖሮቫይረስ ላይ ደካማ ነው። ሳሙናና የሚወርድ ውሃ ይሻላል፤ ከዳይፐር በኋላ፣ ከማብላት በፊት፣ በየልጁ መሃል። ያስመለሰበትን ወይም ያስቀመጠበትን ቦታ መጀመሪያ በወረቀት ወይም በሚጣል ጨርቅ ጠርገው፣ ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምረው ይቀቡት፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በውሃ ይታጠብ። መስኮት ከፍተው፣ ጓንት አድርገው፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳይቀላቅሉ፣ ልጆቹ በማይደርሱበት። አሻንጉሊቱም እንዲሁ። ዳይፐር የምትቀይረዋ ሞግዚት ምግብ የምታቀርበዋ ባትሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ካነሰም ቢያንስ ሽርጧን ትለውጥ።

የሴት ልጅሽን ነገር አትጨነቂ፣ ከፍ ስትል በሽታው ይቀልላታል፣ የራሷ ፎጣና ብርጭቆ ግን ይለይላት። ልጅሽ ማስመለሱና ተቅማጡ ከቆመ 48 ሰዓት ሲሞላው ወደ ማቆያ ይመለስ። ዚንኩን ከቦርሳው ጋር ላኪለት፣ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለሞግዚቷ ስጪያት፤ አንድ ፓኬት ኦአርኤስም ጨምሪላት፣ በዚህ ወር የሚያስመልሰው ልጅ የእርሱ ብቻ አይሆንም።